ከመቱ እስከ ብሮንክስ፦ አማተር ሯጭን የሚያበረቱ ሰዎች

አማተር ሯጭ ደመወዝ የለውም፤ አሠልጣኝ የለውም፤ ቢቀር የሚቆጣው ማናጀርም የለውም። ከሥራ ደክሞ ተመልሶ ሳለ ጫማውን እንዲያስር የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ በዓይኑ ያየው፣ ዝናውን የሰማለት ወይም አብሮት ያደገ ሰው። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከበደሌ ወይም ከያዮ ወጥቶ ኒውዮርክ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ እነዚህ ሰዎች ከሁለት ወገን ይመጣሉ። አንዱ ወገን በኢሉባቦር መንገዶች ላይ በእግሩ ሲመላለስ ያየው ሕዝብ ነው። ሌላው ወገን አሁን በሚኖርበት ከተማ ጎዳና ላይ የሮጡና የሚሮጡ ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ስማቸው ዓለምን የዞረ ኢትዮጵያውያን አሉ፣ ከቤተሰባቸው ሌላ ማንም የማያውቃቸውም አሉ።

ኢሉባቦር ስሙ በሩጫ የሚነሳ አገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሯጮች አገር ሲቆጠር ቀድመው የሚጠሩት አርሲና ሸዋ ናቸው፤ በተለይም በቆጂ፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑባት ከተማ። ኢሉባቦር የሚታወቀው በቡናው፣ በማሩና በጫካው ነው። የያዮ የቡና ጫካ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፍታውም ይለያል፤ በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትቀመጥ ጎሬና በደሌ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ መቱ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከመቱ የሄደ ሰው አሜሪካ ውስጥ «ኢትዮጵያዊ ከሆንክማ ሯጭ ነህ» ሲባል ኩራትም ግራ መጋባትም ይሰማዋል። ከትምህርት ቤት የስፖርት ሰዓት ውጪ ሮጦ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ረጅም መንገድ በእግር መሄድን ግን ያውቃል።

አካባቢው የእግረኛ አገር ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኢሉባቦር ቡና ወደ ውጭ የሚወጣው በባሮ ወንዝ በኩል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1902 ባደረጉት ስምምነት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን እየመጡ ይጭኑ ነበር። ቡናው እስከ ጀልባው የሚደርሰው ግን በአጋሰስና በሰው ትከሻ ነው። ተሸካሚው ከጎሬ ተነስቶ የቡሬን ቁልቁለት ወርዶ፣ ከ2,000 ሜትር ከፍታ 500 ሜትር ገደማ ወዳለው የጋምቤላ ሙቀት ይገባል፤ ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ ይወጣዋል። ለረጅም መንገድ የሚያዘው ስንቅ በቅቤ የታሸ ቡና፣ በኦሮምኛ ቡና ቀላ የሚባለው፣ እንዲሁም ጩኮና በሶ ነበር። ዛሬ የማራቶን ሯጮች በየስምንት ኪሎ ሜትሩ የሚወስዱት ካፌይንና ስኳር የተቀላቀለበት ጄል ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም።

መኪና ከገባ በኋላም እግር ሥራውን አልተወም። በገበያ ቀን ወደ መቱ፣ ወደ ሁሩሙ ወይም ወደ በደሌ የሚወስደው መንገድ ከማለዳ ጀምሮ በእግረኛ ይሞላል፤ ሴቶች ቡናውን፣ በቆሎውንና ማሩን ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ይመጣሉ፣ ከሰዓት በኋላም ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። ዝናቡ ብዙውን የዓመቱን ክፍል ይዞት ስለሚቆይ ቀዩ ጭቃ እግር ይይዛል፤ የገጠር ተማሪ ግን ጫማውን በእጁ ይዞ ከደወል በፊት ለመድረስ ይሮጣል። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ የሄዱ፣ ያንንም እየሮጡ የሄዱ ሆነው ተገኝተዋል። የኢሉባቦር ልጅ ወርቅ ባያመጣበትም ይህን ልምድ ከእነሱ ጋር ይጋራል። በባዕድ አገር በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበት ሲከዳ የሚታወሰውም ይኸው የገበያ መንገድ ነው፦ እናት ወይም አክስት በሸክም የሄደችበትን ርቀት ልጇ ባዶ እጁን፣ ለስላሳ ጫማ አድርጎ እየሄደው ነው።

ኒውዮርክ ለአዲስ መጤ ሯጭ አትመችም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል እኩል ናት። ከፍታ ላይ ያደገ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ሲቀልለት ይደሰታል፤ ነገር ግን ደጋ የሰጠው የቀይ ደም ሕዋስ ብልጫ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የራስ ልምምድ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ገና 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጥር ላይ ውርጩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሥራውም አይመችም። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አረጋውያንን የሚንከባከብ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ፓርኪንግ ወይም ሆቴል የሚሠራ ሰው ለልምምድ የሚተርፈው ጊዜ ሌላው ተኝቶ የሚያሳልፈው ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው የብርድ ወቅት ሩጫውን የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። የሚቀጥሉት ከሌላ ሰው ጋር የተቀጣጠሩ ናቸው፤ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ እየጠበቀው መቅረትን ሐበሻ አይወድም።

ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ በሁለት ፓርኮች ነው። አንዱ በማንሃተን ያለው ሴንትራል ፓርክ ሲሆን ዙሪያው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሰሜን በኩል ያለው የሃርለም አቀበት ከጎሬ ለመጣ ሰው ቁም ነገር ባይሆንም ለደከመ እግር ይከብዳል። ሌላው በብሮንክስ ያለው ቫን ኮርትላንት ፓርክ ነው፤ በጫካው ውስጥ የአፈር መንገድ ስላለው ከአስፋልት ለሚሸሹ ሯጮች ይመቻል። በብሮንክስ ከዓመታት ጀምሮ ለውድድር የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ሯጮች በጋራ ቤት እየተከራዩ ኖረዋል። ዌስት ሳይድ ራነርስ የተባለው፣ ቢል ስታብ ለአሥርተ ዓመታት የመሩት ክለብ ከኢትዮጵያና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኛ ሯጮችን ሰብስቦ ያሮጠ ነው። ስለዚህ አማተሩ በእሑድ ጠዋት ቀስ ብሎ ሲሮጥ በአጠገቡ ሽው ብለው የሚያልፉት ሰዎች የገዛ አገሩን ቋንቋ ሲያወሩ ይሰማል። «አይዞህ፣ በርታ» የሚለውን ቃል፣ አንዳንዴም በኦሮምኛ «ጀባዹ» የሚለውን፣ በባዕድ ፓርክ መስማት ምን ያህል ጉልበት እንደሚሰጥ የሚያውቀው የሰማው ብቻ ነው።

የከተማዋ ማራቶን ለአማተሩ ትልቁ ቀን ነው። በ1970 ሲጀመር የተመዘገቡት 127 ሰዎች ነበሩ፣ የጨረሱት ደግሞ 55፤ ያን ጊዜ ውድድሩ በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ብቻ ይዞር ነበር። ከ1976 ጀምሮ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች ያቋርጣል፤ አሁን ከ50,000 በላይ ሰው ይጨርሰዋል። ከስታተን አይላንድ ተነስቶ በቬራዛኖ ድልድይ ብሩክሊን ይገባል፤ ኩዊንስን አልፎ በኩዊንስቦሮ ድልድይ ማንሃተን ይደርሳል፤ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብሮንክስን ረግጦ፣ በሃርለም አድርጎ ሴንትራል ፓርክ ላይ ያበቃል። የማራቶን ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ይታያል። እግር ኳስ የሚወድ ሰው ዋንጫ በሚነሳበት ሜዳ ላይ የመጫወት ዕድል የለውም፤ ማራቶን የሚሮጥ ግን የዓለም ሻምፒዮን በሮጠበት መንገድ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ድልድይ ላይ ይሮጣል።

በዚህ መንገድ ላይ ካሸነፉት ኢትዮጵያውያን መካከል ለአማተር ሯጭ ከሁሉ የምትቀርበው ደራርቱ ቱሉ ናት። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ በ2000 ሲድኒ ላይም ደገመችው። በኅዳር 2009 ኒውዮርክ ስትመጣ ግን 37 ዓመቷ ነበር፤ እናት ሆናለች፣ ከታላላቅ ድሎቿም ዓመታት አልፈዋል። የዚያን ቀን የተጠበቀችው ውድድሩን ሦስት ጊዜ ያሸነፈችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። ከውድድሩ በኋላ በሰፊው እንደተነገረው፣ ፓውላ በእግር ሕመም ወደ ኋላ መቅረት ስትጀምር ደራርቱ ዘወር ብላ አብራት እንድትቀጥል አበረታታቻት። ፓውላ አልቻለችም፤ አራተኛ ወጣች። ደራርቱ ከፊት የነበሩትን ደርሳ በ2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸነፈች፤ የኒውዮርክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

ሰዓቱ ለእሷ ደረጃ ፈጣን የሚባል አልነበረም፤ ለአማተር ሯጭ ዋጋ ያለውም እሱ አይደለም። ጊዜዋ አልፏል የተባለች እናት ተመልሳ መጣች፤ በመንገድም ላይ ተፎካካሪዋን ጥላ ከመሄዷ በፊት አብረን እንሂድ አለች። ከኢሉባቦር የወጣች፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ በአርባ ዓመቷ ሩጫ የጀመረች ሴት ከዚህ ታሪክ የምታገኘው የትኛውም ክብረ ወሰን አይሰጣትም። በዚያው ዕለት የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው በኤርትራ ተወልዶ በልጅነቱ በጣሊያን በኩል ካሊፎርኒያ የገባው ሜብ ከፍለዝጊ ነበር። በአንድ ቀን ሁለቱም ዘውዶች ከአፍሪካ ቀንድ ልጆች ጋር ሲሆኑ በመንገዱ ዳር የቆመው ሐበሻ ምን ያህል እንደጨፈረ መገመት አያስቸግርም። ደራርቱ በ2018 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነች።

ቡዙነሽ ደባ ደግሞ የከተማዋ ነዋሪ በመሆኗ ትለያለች። የአሰላ ልጅ ናት፤ ከሩጫ አጋሯና ባለቤቷ ወርቁ በዪ ጋር በብሮንክስ ኖራለች። በ2011 የኒውዮርክ ማራቶን እሷና ፍሬሕይወት ዳዶ በሰፊ ርቀት ትመራ የነበረችውን ኬንያዊት ሜሪ ኬይታኒን መጨረሻ ላይ ደርሰውባት አለፏት፤ ፍሬሕይወት በ4 ሰከንድ ብቻ ቀድማ ገባች፣ ቡዙነሽ ሁለተኛ ሆነች። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ስለመታ ውድድሩ ተሰረዘ። በ2013 ቡዙነሽ ገና ከመጀመሪያው ወጥታ መራች፣ ለረጅም ጊዜም ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ብቻ ከፊት ነበረች፤ ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ፕሪስካ ጄፕቱ ደርሳ አለፈቻት፤ አሁንም ሁለተኛ። በ2014 ቦስተን ላይ በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሁለተኛ ስትገባ የቀደመቻት ኬንያዊት በአበረታች መድኃኒት ተቀጥታ ውጤቷ ተሰረዘ፤ አሸናፊነቱም ከዓመታት በኋላ ለቡዙነሽ ተሰጠ። ሰዓቷ እስከ 2025 ድረስ የቦስተን የሴቶች ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

ይህን ታሪክ ከሚያውቁት ውስጥ የብሮንክስ ሐበሾች ይቀድማሉ። በሰፈራቸው ሱቅ እንጀራ ስትገዛ፣ በፓርካቸው ስትሮጥ ያዩዋት ሴት ናት፤ ማራቶኑ ብሮንክስን ሲረግጥ ስሟን የሚጠራው ሰው የጎረቤቷን ስም እንደሚጠራ ሆኖ ነው የሚጠራው። የቦስተን ድል አድራጊነቷ ቀን መስመሩን ስትረግጥ ሳይሆን ቆይቶ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከተበተነ በኋላ መጣ። ለአማተሩ ግን የእሷ ዋናው ትምህርት በ2011 በአራት ሰከንድ ተቀድማ በ2013 እንደገና መነሻው ላይ መቆሟ ነው። በዚያን ጊዜ ውስጥ ያለው የልምምድ ጠዋት ሁሉ ማንም ያላየው፣ ማንም ያልዘገበው ነው፤ አማተሩ የሚያውቀውም እንዲህ ያለውን ጠዋት ነው።

ከኒውዮርክ ውጪ ካሉት ሲፋን ሐሰንና ምሩፅ ይፍጠር ይጠቀሳሉ። ሲፋን በአዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ፣ በ2008፣ ስደተኛ ሆና ኔዘርላንድስ ገባች፤ የነርስነት ትምህርት ጀምራ ጎን ለጎን ትሮጥ ነበር። በሚያዝያ 2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ ስትሮጥ ረመዳን ገና ከሁለት ቀን በፊት ነበር የተፈታው። ዳሌዋን አሟት መንገድ ላይ ቆማ አፍታታች፣ መሪዎቹ ርቀው ሄዱ፤ ተነስታ ደረሰችባቸውና አሸነፈች። ኢሉባቦር ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው፤ ከዚያ ለሄደና ጾሙን ይዞ ለሚለማመድ ሯጭ ይህ ውድድር ጾምና ልምምድ አብረው እንደሚሄዱ ማስረጃ ነው። ሲፋን በ2024 ፓሪስ ላይ በሁለቱ የትራክ ርቀቶች ነሐስ ካገኘች በኋላ በማራቶን ወርቅ ወሰደች።

ምሩፅ ከሌሎቹ ይለያል፤ እሱ የስደትን እርጅና የኖረ ነው። የአዲግራቱ ልጅ፣ «ማርሽ ቀያሪው»፣ በ1972 ሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5,000 ሜትር በሰዓቱ ሳይደርስ ቀርቶ ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ በአድማ ከቀሩት አፍሪካውያን አገሮች አንዷ ስለነበረች ያ ዕድልም አለፈው። ስምንት ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ፤ ዕድሜው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ያኔም አከራካሪ ነበር፣ ወጣት አለመሆኑ ግን አላከራከረም። የኋለኛ ዘመኑን ካናዳ ኖሮ በታኅሣሥ 2016 ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ። ዕድሜዬ አለፈ የሚል ስደተኛ ከምሩፅ የተሻለ መልስ የሚሰጠው ሰው አያገኝም።

ጉዳት የገጠመው ሯጭ ወደ አበበ ቢቂላ ይመለሳል። በሮም በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። በ1969 ከደረሰበት የመኪና አደጋ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አይነገርም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ እግሩ ሳይድን ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው በተደረገው የተሽከርካሪ ወንበር ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ፣ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታች ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጉልበቱ አብጦ ለወራት አልጋ የያዘ አማተር ይህን ሲያስብ መዋኛ ወይም ብስክሌት ያስታውሳል፤ ብዙዎችም ሩጫቸውን ያዳኑት እንዲህ ነው።

ዝነኞቹን እዚህ ላይ እንተውና፣ በውድድሩ ቀን አማተሩን ወደ ፊት የሚገፉት አብዛኞቹ ስም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ዲክ ትራም የተባለ ኒውዮርካዊ በ1976 በሰው ሠራሽ እግር ማራቶኑን ጨርሶ፣ በ1983 አካል ጉዳተኞችን የሚያሮጠውን አኪሊስ የተባለ ድርጅት መሠረተ፤ ዛሬ ዓይነ ስውራን ሯጮች ከመሪዎቻቸው ጋር በአንድ ገመድ ተያይዘው ሲሮጡ ማየት በሴንትራል ፓርክ የዘወትር ነገር ነው። መሪነቱ በፈቃደኝነት ስለሆነ ስደተኛ አማተሮችም ይሠሩታል። ለሌላ ሰው ዓይን ሆኖ የሮጠ ሰው ስለ ራሱ ሰዓት መጨነቁን ይተዋል። ከሁሉ በኋላ፣ መብራት ከበራ በኋላ የሚገቡት ደግሞ አሉ፤ አዘጋጁ ድርጅት እነሱንም እስከ ምሽት ቆሞ በጭብጨባ ይቀበላቸዋል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ ብሎ አያፍርም።

ለመግባት ያለው ሥርዓትም ሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኝ ነው። የዕጣው ዕድል ጠባብ ስለሆነ የከተማዋ ሯጮች ብዙዎቹ የሚገቡት በሌላ በር ነው፦ የኒውዮርክ ሮድ ራነርስ አባል ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ውድድር የሮጠና በአንዱ በፈቃደኝነት ያገለገለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማራቶን ቦታ ያገኛል። ስለዚህ በዚህ በር ገብቶ ዘንድሮ የሚሮጠው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ አምና ሌላውን ሯጭ ያገለገለ ነው።

በቤት ያሉት ሰዎችም ከሩጫው ውጪ አይደሉም። ማራቶኑ የሚደረገው በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ በዚያው ሌሊት አሜሪካ ሰዓቷን ወደ ኋላ ስለምትመልስ በኒውዮርክና በመቱ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሰዓት ይሆናል። በኒውዮርክ በጠዋቱ 4 ሰዓት የተነሳ ሯጭ በመቱ ሰዓት የሚነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ አምስት ሰዓት የሚፈጅበት ከሆነ መቱ ያለው ቤተሰብ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነቅቶ ይጠብቃል። የውድድሩ የስልክ መተግበሪያ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ሰዓቱን ስለሚያሳይ ኔትወርክ ካልተቋረጠ ወንድም ለእናት እያነበበ ይከታተላል፤ ቁጥሩ ሲዘገይ «ምን ሆነ? ደክሞት ይሆን?» ይባላል። ሯጩም ይህን ያውቃል። በኩዊንስቦሮ ድልድይ ላይ፣ ተመልካች በሌለበት ጸጥ ያለ አቀበት፣ ለመራመድ ሲያስብ የሚያሳስበው ቀጣዩን ቁጥር የሚጠብቁት ሰዎች ነገር ነው።

ገንዘቡም ፈቃዱም የተሟላለት በዚያው ወር ወደ አገር ይገባል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2001 የጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ላይ በኅዳር ይካሄዳል፤ ከኒውዮርክ ማራቶን በኋላ ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሚሆን እግሩ ያላረፈ ሯጭ ለደስታ ብቻ ይሮጠዋል። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በበደሌና በያዮ ያልፋል። ወቅቱ ዝናቡ የቀነሰበት፣ ቡናው የሚለቀምበት ስለሆነ መሬቱ ደርቆ ለሩጫ ይመቻል፤ ከመቱ እስከ ጎሬ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም 400 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚጨምር ለሚቀጥለው ዓመት ማራቶን በቂ የአቀበት ልምምድ ይሆናል።